በአራዳ ለጽሕፈት ቤት የሚሆን ቤት ስለ መከራየት

ቤት የሚቆመው በድንጋይና በእንጨት ብቻ አይደለም፤ ክረምት ሲቃረብ ቀና ብሎ ጣራውን የሚያይ ሰው ሲኖረው ነው እንጂ። ባለቤቱ በሩቅ ያለ፣ በውስጡ የሚቀመጠውም ሰው «የእኔ አይደለም» የሚለው ቤት ግን፣ ግንቡ የቱን ያህል የጸና ቢሆን፣ ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ጠያቂ የሌለው ፍርስራሽ ይሆናል። ይህ በገጠርም በከተማም የታወቀ ነገር ስለ ሆነ አዲስ ምክር አይባልም። ዳሩ ግን ዛሬ በአዲስ አበባ፣ ይልቁንም አራዳ ወይም ፒያሳ በሚባለው በቀድሞው ሠፈር፣ ለጽሕፈት ቤት የሚሆን ቤት የሚፈልጉ ማኅበሮችና ነጋዴዎች ብዙዎች ናቸው፤ በከተማይቱ ቤት የሚያከራዩም የመንግሥት ድርጅቶችና አድባራት ጥቂቶች አይደሉም። ስለዚህ የኪራይ ውል የአንድን ቤት ዕድሜ ምን ያህል እንደሚያረዝም ወይም እንደሚያሳጥር ጥቂት መናገር አስፈላጊ ሆኖ አገኘነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዋናው ገበያዋ የቆመው በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ከየአውራጃው የሚመጣው እህልና ቅቤ፣ ጨውና ማር፣ ከባሕር ማዶም የሚመጣው ጨርቅና ዕቃ በዚያ ይሰበሰብ ነበር። የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎችም ሱቃቸውን በገበያው ዙሪያ ሠሩ። እቴጌ ጣይቱ ለእንግዳ ማረፊያ ያሠሩት ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን ጀመረ። ከዓድዋ ድል በኋላ የታነጸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ፣ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት ነው። በዚሁ በ1923 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በአደባባዩ ቆመ፤ ጠላትም ነቅሎት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ግን ወደ ስፍራው ተመለሰ።

ጠላት በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን በያዘ ጊዜ የአገሬውን ሕዝብ ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ፣ አዛወረው። የአራዳንም ስፍራ ለራሱ ሰዎች ሱቅና መዝናኛ አድርጎ ፒያሳ የሚለውን ስም አወጣለት። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲወጣ ስሙ ቀረ፤ ገበያውም ወደ ቀድሞ ስፍራው አልተመለሰም። ስለዚህ አራዳ የእህልና የከብት ገበያ መሆኑ ቀርቶ፣ የወርቅ ሠሪና የሰዓት አዳሽ፣ የልብስ ሰፊና የፎቶግራፍ አንሺ፣ የመጽሐፍ ሻጭና የጠበቃ፣ የራፖር ጸሐፊና የደላላ ሠፈር ሆነ። በ1950ዎቹ ዓመታት የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ከበላዩ በተሠራ ጊዜ ደግሞ ባለጉዳይ የሚመላለስበት ስፍራ ስለ ሆነ፣ ጉዳይ ለሚያስፈጽም ሰው ሁሉ በአራዳ አንዲት ክፍል ማግኘት ትልቅ ነገር ሆኖ ኖረ። እስከ ዛሬም ድረስ «ጽሕፈት ቤታችን ፒያሳ ነው» የሚል ማኅበር አድራሻውን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

እንግዲህ ስለ ቤቶቹ አሠራር እንናገር። ከቀድሞዎቹ የአራዳ ቤቶች ብዙዎቹ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ እንዲሆኑ ታስበው የተሠሩ ናቸው። የምድር ቤቱ ግድግዳ ድንጋይ፣ የፎቁ ግድግዳ እንጨትና ጭቃ፣ ወለሉ ሳንቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ሆኖ፣ ከፊት ለፊት በእንጨት የተሠራ ሰገነት ይኖረዋል። ይህ አሠራር ለአዲስ አበባ አየር የተስማማ ነው፤ ወፍራሙ ግድግዳ በቀን ሙቀቱን፣ በሌሊት ብርዱን ይከላከላል። ነገር ግን አንድ ጠላት አለው፤ እርሱም ውሃ ነው። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ይዘንባል፤ ከዚሁም አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወሮች ነው። ጣራው የጸና፣ አሸንዳው የቀና፣ የውሃ መውረጃ ቦዩም ያልተደፈነ ከሆነ፣ የጭቃ ግድግዳ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆማል። አንዲት ቆርቆሮ ተገንጥላ ሦስት ክረምት ያለፈባት እንደ ሆነ ግን ውሃው ወደ ምሰሶው ሥር ይገባል፤ እንጨቱም ከውስጥ ይበሰብሳል። ከውጭ ሲያዩት ደኅና የሚመስለው ቤት በአራተኛው ክረምት ይዘማል።

ይህን ጥገና ቀድሞ የሚያደርገው የቤቱ ጌታ ነበር። ኪራይ የሚበላበት ቤቱ ስለ ሆነ፣ ቢያዝንለትም ባያዝንለትም፣ ቤቱ ሲያፈስ ኪራዩ እንደሚቀርበት ያውቅ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር እጅ እንዲሆኑ ተደረገ። የቤተ ክርስቲያን የኪራይ ቤቶችም በዚያ ጊዜ ተወርሰው ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የተመለሱላትም አሉ። አነስተኛ ኪራይ ለሚከፍሉት ተከራዮች በአዋጁ ኪራዩ ተቀነሰላቸው። ይህ ቅናሽ የወር ደመወዙን ለቤት ጌታ ሰጥቶ ባዶ እጁን ወደ ልጆቹ ይመለስ ለነበረው ድኻ ትልቅ ዕረፍት እንደ ነበረ የሚክድ የለም። ፍርድ ለመስጠት የሚፈልግ ሰው ይህን አስቀድሞ ማስታወስ ይገባዋል።

ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የቤቱ ኪራይ ባለበት ሲቆም፣ የቆርቆሮና የምስማር፣ የሳንቃና የግንበኛ ዋጋ አልቆመም። የአንድ ቤት የዓመት ኪራይ ተሰብስቦ የአንድን ቤት አሸንዳ ለመለወጥ የማይበቃበት ጊዜ መጣ። ቀበሌው «ገንዘብ የለኝም» አለ፤ ተከራዩም «ቤቱ የመንግሥት ነው» አለ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ በሁለቱ እውነት መካከል ግን ቤቱ ወደቀ። ከዚህም የባሰው፣ ከመንግሥት በጥቂት ብር የተከራየውን ቤት ለሌላ ሰው በብዙ ብር የሚያከራይ መገኘቱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የቤት ጌታ ጥቅም እንጂ የቤት ጌታ ድካም አልነበረበትም። የኪራይ ቤቶችን አስተዳደር ሥራ ወርሶ በ2009 ዓ.ም. የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን በ2011 ዓ.ም. የንግድ ቤቶችን ኪራይ ማሻሻሉ፣ ይህ አካሄድ ሊቀጥል እንደማይችል መታወቁን ያሳያል። ይሁን እንጂ ኪራይን መጨመር ብቻውን ጣራን አይከድንም። የተጨመረው ገንዘብ ወደ ቤቱ ካልተመለሰ፣ ተከራዩ የበለጠ ከፍሎ በዚያው በሚያፈስ ጣራ ሥር ይቀመጣል።

በ2016 ዓ.ም. የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዚሁ በአራዳ ተመረቀ። ከዚያም የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ በፒያሳና በዙሪያዋ፣ በዶሮ ማነቂያና በሠራተኛ ሠፈር፣ ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪዎችም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። መንገዱ ሰፋ፤ የእግረኛ መሄጃው ተዘጋጀ፤ ፊታቸው ታድሶ ቀለም የተቀቡ ቤቶችም አሉ። ከፈረሱት መካከል በእውነት ለሰው መኖሪያ የማይገቡ፣ መጸዳጃ የሌላቸውና ዕቃ ማስቀመጫ እንኳ ሊሆኑ የማይችሉ ነበሩ። ነገር ግን ከብዙ ዓመት በፊት አሸንዳቸው ቢጠገን ኖሮ ዛሬ ለከተማይቱ ጌጥ የሚሆኑ ቤቶችም በእነዚያው መካከል ነበሩ። መሐንዲስ መጥቶ አንድን ቤት ሲመረምር የሚያየው ዛሬ ያለውን ግድግዳ ነው፤ ዛሬ የዘመመው ግድግዳ የትናንቱን ሠሪ ጥበብ ሊመሰክር አይችልም። እንግዲህ በዶማ ከመፍረሱ በፊት በቸልታ የፈረሰውን ቤት ጥፋት የምንጠይቀው ከማን ነው? መልሱ «ከውሉ» የሚል ይመስለናል፤ በውሉ ውስጥ ጣራ ጠጋኝ ሆኖ ስሙ የተጻፈ ሰው አልነበረምና።

ይህን በምሳሌ ለማስረዳት፣ በአንድ ወዳጃችን ላይ የደረሰውን እንናገር። ይህ ሰው መጻሕፍትንና የቆዩ ወረቀቶችን የሚሰበስብ የአንድ ትንሽ ማኅበር ጸሐፊ ነው። ማኅበሩ በአራዳ ጽሕፈት ቤት እንዲኖረው ስለ ተፈለገ፣ በደላላ አማካይነት የአንድ አሮጌ ቤት ፎቅ ተገኘለት። ሰገነቱ ከነጥርቡ ያለ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ብርሃኑም መልካም ነበር። ወዳጃችንም ቤቱን ባየ ጊዜ ደስ አለው። የሚያሳዩት ዘበኛ በዚያ ግቢ ያረጁ ሰው ነበሩ።

«አባቴ፣ የጣራው ውሃ በየት በኩል ይወርዳል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ጌታዬ፣ አሸንዳው ከወደቀ ሦስት ክረምት ሆኖታል፤ ውሃው በግድግዳው ላይ ነው የሚወርደው» አሉት።

«ለአከራዮቹ አልነገሯቸውም?»

«ነግሬአቸዋለሁ። ተከራዩ ይሠራዋል ይሉኛል። ከእርስዎ በፊት የነበሩትን ብነግራቸው ደግሞ ቤቱ የእኛ አይደለም አሉኝ። እኔ ክረምት ሲመጣ ባልዲ አስቀምጣለሁ።»

ወዳጃችን ይህን ሰምቶ ሳለ፣ ቤቱ እንዳያመልጠው ብሎ፣ የስድስት ወር ኪራይ አስቀድሞ ከፍሎ ፈረመ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ውሉን ረጋ ብሎ ያነበበው ከፈረመ በኋላ ነው። ውሉ ሁለት ገጽ ነበር። ኪራዩ በካሬ ሜትር ስንት እንደ ሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሚከፈል፣ ቢዘገይ ስንት መቀጫ እንደሚጨመር፣ ተከራዩም በምን ምክንያት እንደሚወጣ በዝርዝር ተጽፎበታል። ስለ ቤቱ የተጻፈው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እርሱም ተከራዩ ቤቱን በተረከበበት ሁኔታ እንዲመልስ የሚያዝ ነው። በምን ሁኔታ እንደ ተረከበው ግን በውሉም ሆነ በሌላ ወረቀት አልተጻፈም።

በሐምሌ ወር ዝናቡ በረታ። በግድግዳው አጠገብ የተደረደሩት መዝገቦች ጀርባቸው ረጠበ፤ ጥቂቶቹም ሻገቱ። ወዳጃችን ማኅበሩ በራሱ ገንዘብ አሸንዳውን እንዲያሠራ አሳምኖ፣ ሠራተኛ ሊያመጣ ሲነሣ፣ አከራዮቹ «ያለ ፈቃድ ቤቱን እንዳትነኩ» ብለው ከለከሉት። ፈቃድ በደብዳቤ ጠየቀ። ደብዳቤው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ሐምሌ አልፎ ነሐሴ አለቀ፤ መልሱ የደረሰው ዝናቡ ካቆመ በኋላ በመስከረም ነው። በዓመቱ መጨረሻ ማኅበሩ ለቆ ወጣ። አከራዮቹም ለግድግዳው መበላሸት ካሣ ጠየቁት፤ እርሱም ለመዝገቦቹ መበላሸት ካሣ ጠየቃቸው። ክፍሉ ለብዙ ወራት ያለ ተከራይ ተዘግቶ ቆየ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የቀረው ኪራይ አሥር አሸንዳ ያሠራ ነበር። ዘበኛውም ባልዲያቸውን ማስቀመጥ አልተዉም።

በዚህ ነገር ክፉ ሰው አልነበረም። አከራዮቹ የመሥሪያ ቤታቸውን ንብረት ለመጠበቅ ከለከሉ፤ ወዳጃችንም የማኅበሩን መጻሕፍት ለማዳን ደከመ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። የተቀደደው ከአያያዝ ነው፤ አያያዙም የተበላሸው በውሉ ውስጥ ስላልተነገረ ነው።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ዝም ያለ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አከራይ ቤቱን ለተባለው አገልግሎት በሚስማማ ሁኔታ እንዲያስረክብና በኪራዩ ዘመን በዚያው ሁኔታ እንዲጠብቅ፣ ተከራይም ቤቱን በጥንቃቄ እንዲይዝና ለተፈቀደለት አገልግሎት ብቻ እንዲያውለው ያዛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ በቅርስነት የታወቀን ነገር የያዘ ሰው እንዲንከባከበው፣ የጥገና ሥራም ከባለሥልጣኑ ሳያስፈቅድ እንዳያደርግ ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ግን የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ነው፤ ጽሕፈት ቤት የሚከራይ ሰው በእርሱ ሊከለል አይችልም። ስለዚህ የጽሕፈት ቤት ተከራይና አከራይ ዋናው መጠበቂያቸው በሁለቱ መካከል የሚጻፈው ውል ነው። ውል ከላይ የተነገረውን ጠቅላላ ሕግ ወደ አንዲት ጣራና ወደ አንዲት አሸንዳ አውርዶ ካልተናገረ፣ ሕጉ በመጽሐፍ ይቀራል፤ ዝናቡ ግን በቤቱ ላይ ይወርዳል።

እንግዲህ በአሮጌ ቤት ጽሕፈት ቤት የሚከፍት ሰው ከመፈረሙ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባውን እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ቤቱን በበጋ ብቻ አይቶ አይፈርም፤ ቢቻል ዝናብ በዘነበ ማግሥት ይየው። በጣራው ሥር ያለውን ኮርኒስ፣ በመስኮቱ ጥግ ያለውን ቀለም፣ በግድግዳው እግር ያለውን እርጥበት ይመልከት። አከራይና ተከራይ አብረው ክፍል በክፍል ዞረው የቤቱን ሁኔታ በጽሑፍ ያስፍሩ፤ ፎቶግራፍም አንሥተው ከውሉ ጋር ያያይዙ። «በተረከበበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ትርጉም የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፣ የወለሉን ኃይል ይጠይቅ። የቀድሞው ፎቅ የተሠራው ለአልጋና ለጠረጴዛ ነው። መሐንዲሶች ለመኖሪያ ክፍል ወለል በካሬ ሜትር እስከ 200 ኪሎ ግራም ጭነት ሲያስቡ፣ ለመዝገብና ለመጽሐፍ ማከማቻ ግን ከ700 ኪሎ ግራም በላይ ያስባሉ። በመደርደሪያ ላይ የቆመ የአንድ ሜትር ርዝመት ወረቀት ከ40 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላልና፣ ስድስት ደርብ መደርደሪያ በሳንቃ ወለል መካከል የሚያቆም ሰው የቤቱን ጀርባ ይሰብራል። መዝገብ ቤቱ በምድር ቤት ይሁን፤ ከላይ የሚቀመጠው ጸሐፊው ነው።

ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ባለሙያ ያስመርምር። ለአንድ አምፖል የተዘረጋ ሽቦ ዛሬ ኮምፒዩተርና ማባዣ፣ የውሃ ማፍያም ይጫንበታል። እንጨት የበዛበት ቤት እሳት ሲነካው ምን እንደሚሆን ለማወቅ፣ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የደረሰውን ቃጠሎ ማስታወስ ይበቃል። ያ ታላቅ ቤት ከፊሉ ነድዶ ከፊሉ የተረፈው በብዙ ሰው ርብርብ ነው።

አራተኛ፣ ክፍልን በኮምፔንሳቶ ለመከፋፈል፣ ግድግዳ ለመብሳት ወይም ቀለም ለመለወጥ ሲፈልግ የሚፈቅድለት ማን እንደ ሆነ፣ በስንት ቀን ውስጥም መልስ እንደሚሰጠው በውሉ ይጻፍ። ይልቁንም የጭቃን ግድግዳ ለማሳመር ብሎ በሲሚንቶ አይለስን። ሲሚንቶ እርጥበቱን በውስጥ ስለሚዘጋው እንጨቱ ሳይታይ ይበሰብሳል፤ ጭቃ በጭቃ ወይም በኖራ ሲለሰን ግን ይተነፍሳል።

አምስተኛ፣ የሚከፍለው ገንዘብ ስለ ምን እንደ ሆነ ይወቅ። በካሬ ሜትር የሚቈጠረው የራሱ ክፍል ብቻ ነው ወይስ ደረጃውና መተላለፊያው ተጨምሮ? ከ100 15 የሚታሰበው ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ከዋጋው በላይ? የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ለብቻው ነው ወይስ ከጎረቤት ጋር? ይህን ሳይጠይቅ የገባ ሰው ኪራዩ ረክሶ ያገኘው መስሎት ሳለ ከሁሉ የበለጠ ይከፍላል።

ከዚህ በላይ ያለው ግን ከአከራዩ ዘንድ የሚፈለግ ነው። የምናሳስበውም ይህ ነው፤ ከሚሰበሰበው ኪራይ ላይ የታወቀ ድርሻ ለዚያው ቤት ጥገና ተለይቶ ይቀመጥ። ለምሳሌ የወር ኪራዩ 30,000 ብር ከሆነ ክፍል ከ100 አሥሩ ቢቀመጥ፣ በዓመት 36,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ አዲስ ቤት አይሠራም፤ ነገር ግን የተነቀለ ቆርቆሮ ይመታል፣ አሸንዳ ያቀናል፣ ቦይ ይጠርጋል፤ ቤትን ከመውደቅ የሚያድነውም ይኸው ትንሹ ሥራ ነው። ደግሞም ጣራን የሚመለከት አስቸኳይ ጥገና በተወሰኑ ቀኖች ውስጥ በአከራዩ ካልተሠራ፣ ተከራዩ በባለሙያ አሠርቶ ደረሰኙን በማቅረብ ከኪራዩ እንዲያስቀንስ በውሉ ይፈቀድለት። ሥራው በቅርስ ቤት ላይ የሆነ እንደ ሆነ የባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲጨመርበት ይሁን። እንዲህ ቢሆን ኖሮ የወዳጃችን ደብዳቤ እስከ መስከረም በየጠረጴዛው ባልዞረም ነበር።

የመንግሥት ቤቶችን የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ይህን ሲያነቡ «ሒሳባችን በአንድ ቋት ነው የሚገባው፤ ለእያንዳንዱ ቤት ለይቶ ማስቀመጥ አይቻልም» ይሉን ይሆናል። የአስተዳደር ችግር እንዳለው አልዘነጋንም። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መዝገብ ከፍቶ መቼ እንደ ተሠራ፣ መቼ እንደ ተጠገነ፣ ምን እንደሚጎድለው መጻፍ ገንዘብ ከመለየት በፊት የሚቻል ሥራ ነው። መዝገብ ያለው ቤት ጠበቃ እንዳለው ሰው ነው፤ ስለ መፍረሱ ወይም ስለ መቆየቱ በሚመከርበት ቀን የሚናገርለት ያገኛል።

በአድባራት አስተዳዳሪዎችና በሰበካ ጉባኤ ዘንድ ደግሞ ይህ ነገር ልዩ ክብደት አለው። ለካህናቱ ደመወዝና ለቤተ መቅደሱ አገልግሎት ሲባል በቅጥሩ ዙሪያ ሱቅና ሕንፃ የሚያከራዩ አድባራት ብዙ ናቸው። ኪራዩን ሁሉ ለዕለቱ ፍላጎት ያዋሉ እንደ ሆነ፣ የሚመጣው አስተዳዳሪ የሚወርሰው ገቢ ሳይሆን ጥገና ይሆናል። እኛ በቆሎ ተማሪነታችን ዘመን ጎጆ የምንገባው ቀድሞን ከነበረው ተማሪ ተረክበን ነበር። ሣሩን ክረምት ሳይገባ የሚለውጠው በውስጧ ያለው ነው፤ ሊቁን ተሰናብቶ ወደ ሌላ ጉባኤ የሚሄድም ተማሪ ጎጆውን ክፍት ጣራ አድርጎ ቢተዋት ነውር ነበር። የጎጆዋ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ግን ማናችንም ጠይቀን አናውቅም። ያ ልማድ ያለ ወረቀት የጸናው ሰው ከሰው ጋር ስለሚተያይ ነው፤ በከተማ ግን አከራይና ተከራይ በመልክ እንኳ ሳይተዋወቁ ስለሚቀሩ፣ የነውርን ስፍራ ውል መያዝ አለበት።

«አሮጌ ቤትን ለመጠበቅ ይህን ያህል ከመድከም በአዲሱ ሕንፃ መከራየት አይሻልምን?» የሚል ይኖራል። ለብዙ ሥራ አዲሱ ይሻላል፤ ይህን አንደብቅም። ብዙ ሠራተኛ ያለው፣ ከባድ መኪናና ብዙ መዝገብ የሚያስገባ መሥሪያ ቤት በሳንቃ ወለል ላይ ቢቀመጥ ራሱንም ቤቱንም ይጎዳል። እያንዳንዱም አሮጌ ቤት ይቆይ አንልም፤ ዕድሜ ብቻውን ክብር አይሆንም። ነገር ግን የጠበቃ፣ የሐኪም፣ የመጻሕፍት ማኅበር፣ የሥዕል ቤት፣ የጥቂት ጸሐፊዎች ክፍል ለእንዲህ ያለው ቤት የተስማሙ ናቸው። አሮጌ ቤት ባዶውን ሲዘጋ ከሁሉ ፈጥኖ ይፈርሳል፤ መስኮቱ በየጠዋቱ የሚከፈት፣ ወለሉ የሚጠረግ፣ ጣራው የሚታይ ቤት ግን ይቆያል። እንግዲህ ቤቱን በሙዚየምነት ለመያዝ ገንዘብ ለሌላት ከተማ፣ መልካም ተከራይ ከሁሉ የረከሰ ጠባቂ ነው።

በአራዳ ዛሬ የቀሩት የቀድሞ ቤቶች ከትናንት ወዲያ ከነበሩት ጥቂቶች ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ የሚቆዩት ስለ እነርሱ በሚጻፈው ምስጋና አይደለም። በዚህ በጋ የሚፈረመው ውል በሚመጣው ሰኔ ማን መሰላል አቁሞ ጣራ ላይ እንደሚወጣ በስም ከተናገረ፣ ያ ቤት ለልጆቻችን ይደርሳል። ስለዚህ ቤት በማከራየት ሥራ ላይ ያሉት ሹማምንትና የአድባራት አስተዳዳሪዎች በእጃቸው ያሉትን ውሎች አውጥተው አንድ ጊዜ እንዲያነቡልን፣ የጥገናው ነገር ያልተጻፈበትንም ዝናቡ ሳይገባ እንዲያሻሽሉት በአክብሮት እናሳስባለን።